ውሃ የተኛበት ጉድጓድ ጎማና ቸርኬ ጨረሰብኝ፤ የሚጠየቅ አካል አለ?

የቪትዝ ጌታ | ነሐሴ 6
ሰላም ለቤቱ። ተናድጄ ነው የምጽፈው፣ ከወዲሁ ይቅርታ። ትናንት ማታ ከሥራ ስመለስ ዝናቡ ገና አላባራም፣ የመንገድ መብራትም የለም፣ በጎሮ በኩል ወደ ኮንዶሚኒየም በሚያስገባው መንገድ ቀስ ብዬ እየሄድኩ ከፊቴ የነበረው ሚኒባስ ፍሬቻ እንኳ ሳያሳይ ወደ ግራ እጥፍ ብሎ አለፈ። እኔ የምታጠፍበት አልነበረኝም፣ በግራዬ ባጃጅ አለ። ፊት ለፊቴ ውሃ ተኝቷል። ገባሁበት። ዷ! አለ፣ መሪው ከእጄ ሊወጣ ምንም አልቀረውም።

ወርጄ በስልክ መብራት ሳየው የቀኝ የፊት ጎማ ጎኑ ተቀዷል፣ ቸርኬው፣ ጎማው የሚገጠምበት ክብ፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፏል። በዝናብ ክሪክ አውጥቼ፣ ስኮርታ ጎማ ቀይሬ ቤቴ ገባሁ። ጠዋት ጋራዥ ስወስዳት ደግሞ ሌላ ጉድ ተነገረኝ፦ የፊት እግሯ ቦልጆንት ላልቷል፣ ሾክ አብዞርበሩ ዘይት ያንጠባጥባል፣ መሪው ወደ ቀኝ ይጎትታል። መኪናዋ ትንሽ ናት፣ የዕቃዋ ዋጋ ግን ትንሽ አይደለም። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ሶማሌ ተራ ወርዶ ዋጋ የጠየቀ ያውቀዋል። ሻጩ "ኦርጅናል ነው ቻይና?" ይልሃል፣ የሁለቱንም ዋጋ ትሰማለህ፣ ዝም ብለህ ትወጣለህ።

ቦሎ በየዓመቱ አወጣለሁ። ነዳጅ በቀዳሁ ቁጥር ለመንገድ የሚቆረጥ አለ። ኢንሹራንስም አለኝ። ታዲያ ይሄን ሁሉ ለምን እኔ ብቻ እችላለሁ? ካሳ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው ካለ ከየት እንደሚጀመር ይንገረኝ።

ሽሮሜዳ 44 | ነሐሴ 6
ካሳ? አንተ ቀልደኛ ነህ። "ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው" ነበር የሚባለው፣ የኛዎቹ አርቀውታል።

ጎሚስታው | ነሐሴ 6
ወንድም እግዜር ያውጣህ። እኔ ጎሚስታ ነኝ፣ በክረምት እንጀራዬ ከዚሁ ጉድጓድ ነው፣ ምን ብዬ እደብቃለሁ። በበጋ በምስማር የተበሳ ጎማ ነው የሚመጣልኝ። ሰኔ ከገባ ጀምሮ ግን ጎኑ ያበጠና የተቀደደ ነው። የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ጎማው በጉድጓዱ ጠርዝና በቸርኬው መሃል ይቆነጠጣል፣ ውስጡ ያለው ክር ይበጠሳል፣ ላስቲኩ ብቻ ይቀራል። ንፋሱ ወደዚያ ወደ ደከመው ይገፋና እንቁላል የሚያህል እብጠት ያወጣል። ይሄ አይጠገንም። ጎን ላይ የሚለጠፍ ነገር የለም። "እስከ ደሞዝ አድርሰኝ" ብሎ የሚለምነኝ አለ፣ እኔ ምን አደርሰዋለሁ፣ በዚያው ጎማ ቅዳሜ አዳማ ሊወርድ ነው።

ሌላው ነገር ንፋስ ነው። መንገዱ ስለከፋ "ትንሽ ቀንስልኝ፣ እንዲለሰልስ" የሚሉ አሉ። ተሳስተዋል። ንፋስ ሲያንስ ጎማው ቶሎ ይታጠፍና ምቱን ቸርኬው ይቀበለዋል። ከመጠን በላይ የተነፋም ሲመታ ይፈነዳል። የሾፌሩን በር ክፈቱ፣ እዚያ የተለጠፈ ወረቀት ላይ የመኪናችሁ ልክ ተጽፏል፣ እሱን አስሞሉ፣ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ።

አሁን ደግሞ ቸርኬ ልትገዛ ነው አይደል? የብረት ከሆነ በመዶሻ ይቃናል፣ አትጣለው። አልሙኒየም ከሆነ ግን ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀውን በብየዳ ይዘው፣ ቀለም ቀብተው የሚሸጡ አሉ፣ ከፊት ስታየው ልብ ይሰርቃል። ገልብጠህ ከውስጥ በኩል በጣትህ ዳስሰው፣ ብየዳው ያብጣል። ጎማም ስትገዛ ጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚለው ፊደል ቀጥሎ መጨረሻ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች እይ። 2319 ካለ በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ላስቲኩ ከነወረቀቱ ስለተጠቀለለ ብቻ አዲስ ነው ብለህ እንዳትሸወድ።

የቪትዝ ጌታ | ነሐሴ 6
ጎሚስታው ተባረክ። ከውስጥ በኩል መዳሰስ የሚለውን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ባለ ዲዛየር | ነሐሴ 7
እኔ ሴት ሾፌር ነኝ፣ ሜትር ታክሲ ነው የምሠራው፣ ዲዛየር። ስለዚህ ጉዳይ መጽሐፍ እጽፋለሁ ብል እመኑኝ። የስልኩ ካርታ ሁልጊዜ አጭሩን መንገድ ይመርጥልሃል። አጭሩ መንገድ ማለት ደግሞ ጉድጓዱ ያለበት ነው። በዋናው ልዙር ስትል ደንበኛው ከኋላ "እህት፣ ለምን ታዞሪኛለሽ?" ይልሻል። በአጭሩ ስትገቢ "እህት፣ ቀስ በይ እንጂ፣ ወገቤ!" ይላል። ሲወርድ ኮከብ ይቀንስብሻል። ታሪፉ ኪሎሜትርና ደቂቃ ይቆጥራል፣ ከመኪናው እግር የሚያልቀውን ጎሚኒና ቴስቲኒ አይቆጥርም።

ሰፈር ውስጥ ድረስ ግቢልኝ የሚሉት ነገር አለ፣ እሱ ነው ዋናው ራስ ምታት። ዝናብ እየዘነበ፣ እናቱን ከሆስፒታል ይዞ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ድረስ አስገቢን ሲልሽ እምቢ ትያለሽ? አትይም። ትገቢያለሽ። የመኪናው ሆድ ድንጋይ ሲፍቅ ጥርስሽን ነክሰሽ ትሰሚያለሽ፣ እሳቸውም "ኧረ ልጄ በኔ ምክንያት" ይላሉ፣ "ምንም አይደል እማማ" ትያለሽ። መኪናው የራሴ አይደለም፣ ማታ ለባለቤቱ ገቢ አስገባለሁ፣ ከታች የተፋቀውን እሱ ነው የሚያየው።

አንድ የማመሰግናቸው አሉ፣ የሰፈር ልጆች። ጉድጓዱ ውስጥ የዛፍ ቅርንጫፍ ወይ አሮጌ ጎማ ያቆሙበታል። ቀይ ፌስታል ካሰሩበት ደግሞ ማታም ይታያል። በሰፈራችን እስካሁን ያየሁት ብቸኛው የመንገድ ምልክት እሱ ነው።

እግረኛ | ነሐሴ 7
እናንተ ስለ ሾክ አብዞርበር አውሩ። እኔ ጠዋት ታክሲ ልጠብቅ ቆሜ አንዱ ባለ መኪና ጉድጓዱን አልፋለሁ ብሎ ሌላው ጉድጓድ ውስጥ ገባና ከጫማዬ እስከ አንገቴ ጭቃ አለበሰኝ። መስኮት ዝቅ አድርጎ "ይቅርታ ጀለስ" አለኝ። ይቅርታው አይታጠብበት።

ሽሮሜዳ 44 | ነሐሴ 7
@እግረኛ መስኮት ዝቅ ማድረጉም አንድ ነገር ነው፣ የኔዎቹ ጋዝ ነው የሚሰጡት።

አሮጌው ኤንትሬ | ነሐሴ 7
ልጆች፣ እኔ ሽማግሌ ሾፌር ነኝ፣ ልጄ ናት ይሄን ስልክ ያስተማረችኝ። ኤንትሬ ፊያት የጭነት መኪና ይዤ የአሰብን መንገድ ተመላልሼበታለሁ፣ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሚሌ። ያኔ መንገዱ ሁሉ ጥሩ ነበር ብዬ አልዋሻችሁም፣ ባሌስትራ፣ ጭነቱን የሚሸከመውን ሞላ፣ ሰብሬ በረሃ ላይ አድሬ አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር ነበር። አውራ ጎዳና የምንለው፣ በ1943 የተቋቋመው መሥሪያ ቤት፣ በየመንገዱ ካምፕ ነበረው። አካፋና ዶማ የያዘ ሠራተኛ ታያለህ። ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይመጣ፣ የመንገድ ዳር ቦይ ይጠረጋል። ያ ሰውዬ የሚሠራው አስፋልት አይደለም፣ ውሃውን ነው የሚያሳልፈው። አሁን እኔ ሰፈር ያለው ቦይ በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ጢም ብሏል፣ ሐምሌ ሲመጣ ውሃው መንገዱን ቦይ ያደርገዋል፣ ከዚያ ጉድጓድ ሆነ ብለን እንጮሃለን። ሳይደርቅ በእርጥቡ ሳይርቅ በቅርቡ ይል የለም ሰው?

ሬንጅና ጠጠር | ነሐሴ 7
ጋሼ፣ እጅ ነሣሁ። በመንገድ ሥራ ላይ ያለሁ መሐንዲስ ነኝ፣ እርስዎ በአንድ አንቀጽ የጻፉትን እኛ በስንት ስላይድ ነው የምናስረዳው። ተረቱን ብቻ ልገልብጥብዎ፦ አስፋልት ላይ በእርጥቡ የተሠራ አይበረክትም። ለምን እንደሆነ ላብራራ፣ ይረዝማል።

ጉድጓድ ከላይ አይጀምርም። መጀመሪያ አስፋልቱ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ይወጣል፣ ፀሐይ ሬንጁን ሲያደርቀው ወይ መኪና ሲደጋገምበት። በዚያች ስንጥቅ ውሃ ይገባል። ከአስፋልቱ ሥር የተጠቀጠቀ ጠጠር አለ፣ ቤዝ የምንለው፣ መንገዱን የሚሸከመው እሱ እንጂ ጥቁሩ አይደለም። ጠጠሩ ውሃ ሲጠጣ ጉልበቱን ያጣል። ከላይ ጎማ ባለፈ ቁጥር ውሃው ይጨመቅና ደቃቁን አፈር በስንጥቁ ይዞት ይወጣል። ዝናብ ካባራ በኋላ ስንጥቅ ዙሪያ ነጭ ወይ ቡኒ ጭቃ ተረጭቶ አይታችሁ ከሆነ እሱ ነው፣ የመንገዱ ሆድ ዕቃ እየወጣ ነው። ከሥር ባዶ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ አንድ ቀን አንድ ከባድ መኪና ያልፋል፣ ይወርዳል። ማታ ያልነበረ ጉድጓድ ጠዋት የሚገኘው ለዚህ ነው።

የአዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ጣጣ አላት፣ ጥቁር አፈር። በቦሌ፣ በአቃቂ፣ በቃሊቲ በኩል ብዙው መሬት መረሬ ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ይሄን አፈር በደንብ ቆርጦ ሳያወጡ፣ ወይ በሌላ ነገር ሳያክሙ የተነጠፈ መንገድ ሁለት ክረምት ካለፈው ዕድለኛ ነው።

ጥገናው ደግሞ፦ ጉድጓዱ በማሽን አራት ማዕዘን ሆኖ ይቆረጣል፣ ጠርዙ ቀጥ ብሎ እንዲቆም። የላላው ሁሉ ይወጣል፣ ይጠረጋል፣ ይደርቃል። ሥሩና ጎኑ ቀጭን ሬንጅ ይቀባል፣ አዲሱ ከአሮጌው እንዲጣበቅ። ከዚያ 150 ዲግሪ አካባቢ ተሞቆ የመጣ አስፋልት በየንብርብሩ ይሞላል፣ እያንዳንዱ ይጠቀጠቃል። መጨረሻ ላይ ፊቱ ከመንገዱ እኩል መሆን አለበት። አሁን ሰፈራችሁ የተደረገውን አስታውሱ። ውሃው እንዳለ አስፋልት በአካፋ ተደፍቶበት፣ በአካፋው ጀርባ መታ መታ ተደርጎ፣ የቀረውን የሲኖ ገልባጩ ጎማ ይጠቅጥቀው ተብሎ ተተወ። ወይ ገረጋንቲ ተሞላ። ክረምት ላይ ገረጋንቲ መሙላት ጊዜያዊ ነው፣ ለጎማ ይጠቅማል፣ እሱን አልቃወምም። ችግሩ ጊዜያዊው መስከረም ጠብቶ፣ ፀሐይ ወጥቶ፣ ጥቅምት ላይም እዚያው መሆኑ ነው።

ስለ መቆፈር ደግሞ አታናግሩኝ። አዲስ የተነጠፈ መንገድ በወሩ ለውሃ መስመር፣ ለስልክ መስመር፣ ለመብራት ይቆረጣል። ቦዩ ተቆፍሮ መስመሩ ከገባ በኋላ አፈሩ መልሶ ይደፋበታል፣ አይጠቀጠቅም፣ ከላይ ቀጭን አስፋልት ይለበሳል። ክረምቱ ሲመጣ መንገዱን የሚያቋርጥ ረጅም ስምጥ ይሆናል። እነዚያን አግድም ስምጦች ካያችሁ ዝናብ ብቻ የሠራቸው አይደሉም።

ባለ ዲዛየር | ነሐሴ 7
የመንገዱ ሆድ ዕቃ! ነጩን ጭቃ ዛሬ ጠዋት አየሁት። ነገ በዚያ አላልፍም።

ሬንጅና ጠጠር | ነሐሴ 7
አንድ ረስቼ፦ ከባድ ጭነት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በተደረገ ትልቅ የመንገድ ሙከራ የተገኘ ነገር አለ፣ እስካሁን የምንሠራበት። በአንድ አክስል፣ በአንድ የጎማ ዘንግ፣ ላይ ያለው ጭነት በእጥፍ ሲጨምር በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ነው የሚጨምረው። ማለትም ቪትዝ መንገድ አትሰብርም፣ መንገድ ነው የሚሰብራት። በክልል ዋና መንገድ ላይ ሚዛን አለ። ከተማ ውስጥ ሌሊት አሸዋና ድንጋይ ክምር አድርጎ የሚያልፈውን ግን ማን ይመዝነዋል?

ባለ ሲኖ | ነሐሴ 8
መጣ ደግሞ! ሁሌ ሲኖ፣ ሲኖ፣ ሲኖ። የምትኖሩበት ኮንዶሚኒየም አሸዋው በፕሌን መጣ እንዴ? እኔ ተቀጣሪ ነኝ። ባለቤቱ ቢያጆ፣ ምልልስ፣ ነው የሚቆጥረው፣ ስንት ቢያጆ አስገባህ እንጂ ስንት ኩንታል ጫንክ አይለኝም፣ የጫኝ ጉዳይም በኔ እጅ አይደለም፣ ሎደሩ ሁለት ጊዜ ጨምሮ ይደፋዋል፣ አውርድ ብትለው ይስቅብሃል። ቀን እንዳንገባ ሰዓት ተከልክሏል፣ ሌሊት ስንገባ ጥፋተኛ ነን። ጉድጓዱ ደግሞ ለኔ አይራራም። ጭነት ይዘህ ዳገት ላይ ጉድጓድ ስትገባ ባሌስትራ ሲሰበር ድምፁ ጥይት ነው። ያንን ሌሊት ማን ያወጣሃል? መንገድ ዘግተህ ቆመህ በየክላክሱ ስትሰደብ ታድራለህ።

አሮጌው ኤንትሬ | ነሐሴ 8
ልጁ እውነቱን ነው። ሾፌር ሁሌም ጭነቱንም ስድቡንም እሱ ነው የሚሸከመው። ግን አንተም ልጄ፣ ዳገት ላይ ጉድጓድ ካየህ ማርሽ አስቀድመህ ቀንስ፣ እዚያው ውስጥ ገብተህ አትቀይር።

ባለ ሲኖ | ነሐሴ 8
እሺ አባቴ፣ ለርስዎ ስል።

ሲልቨር ስፕሪንግ | ነሐሴ 8
ሰላም ከወዲህ ማዶ። ኑሮዬ ሜሪላንድ ነው፣ ሥራዬ ዲሲ፣ መንጃዬንም እንጀራዬንም እዚሁ ነው የማገኘው፣ ሊሞ ነው የምነዳው። እዚህ መንገዱ ሁሉ መስታወት ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። የዚህ አገር የበረዶ ክረምት ያልፍና የካቲትና መጋቢት ላይ ጉድጓድ ይፈላል፣ ስንጥቅ ውስጥ የገባው ውሃ በረዶ ሆኖ ያብጥና አስፋልቱን ይሰነጥቀዋል። ዲሲ በየዓመቱ ጉድጓድ የሚደፈንበት ዘመቻ ሁሉ አላት፣ "ፖትሆልፓሎዛ" ትለዋለች፣ ስሙ የሙዚቃ ድግስ ይመስላል። ልዩነቱ ያለው 311 ላይ ነው፣ የከተማው የአቤቱታ ስልክ ቁጥር። ትደውላለህ ወይ በስልክ አፕ ፎቶ ትልካለህ፣ ቁጥር ይሰጥሃል፣ በዚያ ቁጥር ትከታተላለህ። መኪናህ ከተጎዳም ከተማውን ካሳ መጠየቅ ትችላለህ፣ ግን በጽሑፍ በ6 ወር ውስጥ ማሳወቅ አለብህ፣ ካለፈ አለቀ። ጠይቀው ሁሉ ያገኛሉ ማለት አይደለም። ከተማው ጉድጓዱን ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም የሚለው ነው ክርክሩ። ስለዚህ ቀድሞ የደወለ ሰው ካለ ያንተ ጉዳይ ይጠነክራል። ለዚህ ነው እዚህ ሰው የራሱ ጎማ ባይፈነዳም የሚደውለው።

ሽሮሜዳ 44 | ነሐሴ 8
እኛም ጋ ደውለናል። "የደወሉላቸው ደንበኛ..." አለን።

አንቀጽ | ነሐሴ 8
የሕግ ባለሙያ ነኝ፣ የዋናው ጥያቄ መልስ ስላልተሰጠ ልግባ። ካሳ መጠየቅ ቀልድ አይደለም፣ ሕግ አለው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ይክሳል ይላል። ቁጥር 2126 ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ለሠራው ጥፋት ተጎጂው መንግሥትን ካሳ መጠየቅ እንደሚችል ያስቀምጣል። መንገድ መጠገን የሥራው የሆነ መሥሪያ ቤት እያወቀ ለወራት ዝም ካለ፣ ምልክት እንኳ ካላቆመ፣ ይሄ ጥፋት ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። ክሱ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፣ ቁጥር 2143።

ይቻላል ማለት ይቀላል ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄ መንገዱ የማን ነው የሚለው ነው። ከተማ ከከተማ የሚያገናኘው ዋና መንገድ የፌዴራሉ የመንገዶች አስተዳደር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያለው አስፋልት በጥቅሉ የከተማው መንገዶች ባለሥልጣን። ኮብልስቶኑና የውስጥ ለውስጡ ወደ ክፍለ ከተማና ወረዳ ይወርዳል። መስመር ሊቀብር ቆፍሮ ሳይመልስ የሄደ ካለ ደግሞ ተከሳሹ እሱ ነው። ሁለተኛው ማስረጃ ነው። ከመኪናው ጋር ጉድጓዱ አብሮ የሚታይበት ፎቶ፣ የትራፊክ ፖሊስ መዝገብ፣ አይቶ የሚመሰክር ሰው፣ የጋራዥ ደረሰኝ። "ማታ ነበር፣ ጨለማ ነበር" ብቻ ይዘህ ብትሄድ ዳኛው የሚይዘው ነገር የለም። የተከሳሹም መልስ የታወቀ ነው፣ "በፍጥነት ነው የነዳኸው" ነው የሚልህ።

ኢንሹራንስህን በተመለከተ፦ ያለህ የሦስተኛ ወገን ብቻ ከሆነ እርሳው፣ እሱ አንተ ሌላ ሰው ላይ ለምታደርሰው ጉዳት ነው። ሙሉ ዋስትና ከሆነ ውሉን አውጥተህ አንብብ። በተለመደው ውል ላይ ጎማ ብቻውን ከተጎዳ አይከፈልም ይላል፣ መኪናውም አብሮ ከተጎዳ ግን ይታያል። ያንተ ቦልጆንትና ሾክ አብዞርበር ስለተነካ በር አለህ ማለት ነው። ግን የመጀመሪያውን የተወሰነ ብር ራስህ ትችላለህ፣ በሚቀጥለው እድሳትም ካሳ ላልጠየቀ ደንበኛ የሚሰጠውን ቅናሽ ልታጣ ትችላለህ። ደምረህ ቀንሰህ ወስን። ደግሞ ሳታሳውቃቸው ጠግነህ አትሂድ፣ መጀመሪያ አሳያቸው።

የቪትዝ ጌታ | ነሐሴ 9
አንቀጽ፣ በጣም አመሰግናለሁ። የነዳጁን ነገርስ? የምንከፍለው የት ነው የሚገባው?

አንቀጽ | ነሐሴ 9
የመንገድ ፈንድ በ1989 በአዋጅ ቁጥር 66 ሲቋቋም የተሰጠው ሥራ ጥገና ነው። ዋናው የገቢ ምንጩም ነዳጅ ላይ የሚጣለው ታሪፍ ነው። ስለዚህ "ለመንገድ እከፍላለሁ" ስትል ትክክል ነህ፣ በሕግ የተጻፈ ነው። ግን ከፍለሃል ማለት ያቺን የሰፈርህን ጉድጓድ ለይታችሁ ድፈኑልኝ የማለት መብት አይሰጥህም፣ ቅሬታህን ግን ከባድ ያደርገዋል።

ቢዋይዲ ገዛሁ | ነሐሴ 9
ሰላም። እኔ ያለኝ ኤሌክትሪክ መኪና ነው። በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና አይገባም ከተባለ በኋላ ምርጫም አልነበረም። ባትሪው ከወለሉ ሥር ተዘርግቷል፣ መኪናው ደግሞ ዝቅ ያለ ነው፣ ጉድጓድ ውስጥ ስገባ የምሰማው ድምፅ ጎማውን ሳይሆን ኪሴን ነው የሚያሳስበኝ። ባለፈው ሳምንት ከታች በኃይል ፋቀኝ። ምንም መብራት አልበራም፣ ይሄዳል። ዝም ልበል?

ጋራዥ ሳሪስ | ነሐሴ 9
ዝም አትበል። ክሬን ላይ ይነሳና ከታች ይታይ። ከባትሪው ሥር መከላከያ ሽፋን አለ፣ ሽፋኑ ብቻ ከተጫረ ግድ የለም። ሽፋኑ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይ ብሎኖቹ ከተነቀሉ፣ ወይ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ የሚያንጠባጥብ ነገር ካለ ኤሌክትሪክ መኪና ለሚያውቅ ሰው ውሰደው፣ እዚህም እዚያም አታስነካካው። ኤሌክትሪክ መኪና ከተመሳሳይ የነዳጅ መኪና ይከብዳል፣ ስለዚህ ያው ጉድጓድ አንተን በበለጠ ይመታሃል። ብዙዎቹ ደግሞ ጎናቸው ቀጭን ጎማ ነው ይዘው የሚመጡት፣ ለፎቶ ያምራል፣ ለኛ መንገድ አይሆንም። ጎማ ስትቀይር ቸርኬው የሚፈቅደውን ወፍራም ጎን ጠይቅ።

ለሁላችሁም አንድ ነገር፦ ጉድጓድ ውስጥ መግባታችሁ ካልቀረ ፍሬን እንደረገጣችሁ አትግቡ። ከመግባታችሁ በፊት ፍጥነት ቀንሱ፣ ጠርዙ ጋ ስትደርሱ ፍሬኑን ልቀቁት። ፍሬን ስትይዙ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይወርዳል፣ ሞላው ይታመቃል፣ ምቱን የሚቀበልበት ቦታ አይኖረውም። መሪውንም ቀጥ አድርጉ፣ በተጣመመ ጎማ ጠርዝ ስትመቱ ቴስቲኒው ነው የሚሄደው። ከዚያ በኋላ መሪ ከተንቀጠቀጠ ባላንስ፣ ከጎተተ አላይመንት። "ይሄዳል" እያላችሁ አንድ ወር ስትነዱት አዲስ ጎማ በአንድ በኩል ተልጦ ታገኙታላችሁ።

እግረኛ | ነሐሴ 9
የኮሪደር ልማት የገባበት መንገድ ላይ እንደዚህ ዓይነት ወሬ የለም እኮ። አስፋልቱ ልስልስ፣ የእግረኛው መንገድ ሰፊ፣ መብራቱ እንደ ሠርግ ቤት። ወደ ውስጥ አንድ ቅያስ ስትታጠፍ ነው ነገሩ የሚለወጠው።

ባለ ዲዛየር | ነሐሴ 10
እሱን እኔ ልንገርህ። ደንበኛዬ ከዋናው ስንታጠፍ ስልኩን ከጆሮው ያወርዳል፣ በሁለት እጁ ይይዛል። ያውቀዋል።

ሌላ ልጠይቅ፣ ጉድጓድ ሞልተው ሳንቲም የሚጠይቁ ልጆችን ትሰጣላችሁ? ከከተማ ስወጣ ብዙ አያለሁ፣ አካፋ ይዘው፣ ገመድ ዘርግተው። አንዳንዱ "ራሳቸው ናቸው ማታ የሚቆፍሩት" ይላል።

ባለ ሲኖ | ነሐሴ 10
እሰጣለሁ። የሚቆፍር ካለ እንኳ ቢያንስ መልሶ ይሞላል።

ሬንጅና ጠጠር | ነሐሴ 10
እኔም እሰጣለሁ። አፈሩ በሚቀጥለው ዝናብ እንደሚሄድ አውቃለሁ፣ ልጆቹም ያውቃሉ። አንድ ቦታ ላይ ግን ውሃው የሚወጣበትን ትንሽ ቦይ ወደ ዳር ቆፍረው አየሁ። ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም፣ ወርጄ ነው የከፈልኳቸው።

የቪትዝ ጌታ | ነሐሴ 11
አዲስ ነገር፦ ዛሬ ደብዳቤ ጽፌ ወረዳ ሄድኩ። "መንገዱ የኛ አይደለም፣ ክፍለ ከተማ" አሉኝ። ክፍለ ከተማ "ኃላፊው ስብሰባ ናቸው"። ጠበቅሁ። ከሰዓት በኋላ አንድ ልጅ ቁጥር የተመታበት ማኅተም ያለው ኮፒ ሰጠኝ፣ "መዝገብ ቤት ገብቷል" አለ። ለጊዜው በእጄ ያለው እሱ ነው። ጎረቤቶቼም ተመሳሳይ ደብዳቤ ሊያስገቡ ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እንዳለው ማወቃቸው በወረቀት ይያዝ።

አንቀጽ | ነሐሴ 11
ያ ኮፒ ወርቅ ነው፣ በደንብ አስቀምጠው። ከዛሬ በኋላ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ ሰው "አላወቅንም ነበር" አይባልም። ደግሞ ሁላችሁም ልብ በሉ፣ የተጎዳውን ጎማና ቸርኬ አትጣሉ፣ ባለሙያ ሊያየው ይችላል፣ ማስረጃ ነው።

ሽሮሜዳ 44 | ነሐሴ 11
አሁን ነው የምትለው? እኔ ሐምሌ ላይ የተቀደደውን ጎማዬን እዚያው ጎሚስታ ጋ ትቼው ሄድኩ። እስካሁን በረባሶ ሆኖ መርካቶ ውስጥ እየተራመደ ነው።

ጎሚስታው | ነሐሴ 11
የሽሮሜዳው፣ ጥቁሯ ኮሮላ ያንተ ከሆነች በረባሶ አላደረግሁትም። የሰፈር ልጆች ወስደው ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው ጉድጓድ ላይ አቁመውታል። ና ውሰደው፣ ግን ሌላ ነገር ይዘህ ና፣ ባዶውን ትተኸው እንዳትሄድ።